«ሙያ፦ የላትም»፦ የቤተ እስራኤል የእጅ ጥበብና ባህላዊ ኑሮ ከጎንደር እስከ ሐዴራ

እኛ በማኅበራዊ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ከሐዴራ ቤተሰቦች ጋር ብዙ ቅጽ ሞልተናል። በየቅጹ ላይ «ሙያ» የሚል መስመር አለ። አንድ ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ እናት ከልጃቸው ጋር መጥተው ይህ ጥያቄ ሲደርስ፣ ልጅቷ እናቷን ሳትጠይቅ «የላትም» ብላ መለሰች። እናትየውም አንገታቸውን ደፍተው ዝም አሉ። እኛም እንደተባልነው ጻፍን።

ከጥቂት ወራት በኋላ እኚሁ እናት በጊቫት ኦልጋ በአረጋውያን ስብሰባ ላይ ተገኙ። የእጅ ሥራ አስተማሪዋ በፕላስቲክ የታሸገ የሸክላ ጭቃ አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። እናትየው ጭቃውን በጣታቸው አሽተው ቆዩና፣ «ገሉስ የታለ? ይሄ እንዲሁ እሳት ከገባ ይሰነጠቃል» አሉ። የሚሽከረከረውን መሣሪያ አልፈለጉም። በእጃቸው ብቻ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ጀበና ሠርተው አስቀመጡ። ልጃቸው ልትወስዳቸው ስትመጣ አየችና «እማዬ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?» አለች። የእናትየው መልስ አጭር ነበር፦ «ስድብ ነበር እኮ ልጄ።»

ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ስለዚህች መልስ ነው። ወላጆቻችን ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ሥራው ለምን ስድብ ሆኖ እንደቆየ፣ ዛሬስ በቤታችን ምን ልናደርግበት እንደሚገባ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና ሕዝቡ

ቤተ እስራኤል የኖሩት በአብዛኛው በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ነው። በጎንደር ከተማ ዙሪያ፣ በደምቢያ፣ በወገራ፣ በሰሜን፣ በጠለምት፣ በወልቃይት፣ በጸገዴ፣ በአርማጭሆ፣ በቋራ፣ እንዲሁም በላስታና በትግራይ በሽሬ በኩል በመቶዎች በሚቆጠሩ ትናንሽ መንደሮች ተበትነው ይኖሩ ነበር። በ1976 ኦርት የተባለው የአይሁድ ድርጅት ባደረገው ቆጠራ ቁጥራቸው ወደ 28,000 ደርሶ ነበር።

መንደሩ የሚመሠረተው ወንዝ ወይም ምንጭ አጠገብ ነው። ምክንያቱም የመንጻት ሥርዓቱ ውኃ ይፈልጋል። ከውጭ ሰው ጋር የተነካካ ሰው ታጥቦ ነው ወደ ቤቱ የሚገባው። ጎረቤቶች «አትንኩኝ» ይሏቸው የነበረው ከዚህ የተነሣ ነው። ሴቶች በወር አበባ ጊዜ ሰባት ቀን በተለየ ጎጆ ይቀመጣሉ፤ ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትቆያለች። ያ ጊዜ ከእርሻና ከማጀት ሥራ የሚታረፍበት ስለሆነ፣ ፈትልና ስፌት ይሠራበት እንደነበር ብዙ እናቶች ያስታውሳሉ።

አንድ ነገር ግን በቅድሚያ ግልጽ መሆን አለበት። ቤተ እስራኤል ሁሉ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ብቻ አልነበሩም። አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የራሳቸው ርስት የሌላቸው ጭሰኞች ነበሩ። በ1975 ደርግ የመሬት አዋጁን እስኪያውጅ ድረስ የሌላውን ሰው መሬት አርሰው ከምርቱ ያካፍሉ ነበር። ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ እንዲበላ በክረምት ማረስ፣ በበጋ የእጅ ሥራ መሥራት ግድ ነበር። ሸክላም በደረቅ ወቅት ነው የሚሠራው፤ በዝናብ ጊዜ አይደርቅም፣ እሳቱም አይያዝም።

እደ ጥበቡ ከየት መጣ?

ታሪክ አጥኚዎች የእደ ጥበቡን ነገር ከመሬት ጋር ያያይዙታል። ከ1414 እስከ 1429 በነገሠው በዐፄ ይስሐቅ ዘመን፣ ክርስትና ያልተነሣ ሰው የአባቱን ርስት አይወርስም የሚል ትእዛዝ እንደወጣ በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። «ፈላሻ» የሚለው ስምም ርስት ከማጣትና ከመፍለስ ጋር ተያይዞ ይነገራል። መሬት ያጣ ሰው በእጁ ከሚሠራው ሌላ ምን ይበላል? ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ኲሪን በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ የጎንደር ዘመን ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ጊዜ (ከ1607 እስከ 1632) የሰሜን ቤተ እስራኤል በጦርነት ተሸንፈው ነፃነታቸውን አጡ። የሱስንዮስ ልጅ ፋሲል በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁር ከተማዋ ግንበኛ፣ አናጢና ብረት ሠሪ ያስፈልጋት ነበር። በሱስንዮስ ዘመን ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ከህንድ የመጡ ግንበኞች በኖራ መገንባትን አስተምረው ነበር። ከአገሩ ሰው ግን ድንጋዩን ሲጠርቡና ሲገነቡ፣ እንጨቱን ሲያንጹ ከነበሩት መካከል ቤተ እስራኤል እንደነበሩ ታሪክ አጥኚዎችም አባቶቻችንም ይናገራሉ። ያ የፋሲል ግንብ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ልጆቻችን በስልካቸው ፎቶውን ሲያዩት የአያቶቻቸው እጅ እንዳለበት ሊያውቁ ይገባል።

ሥራቸው ቢፈለግም አብሮ መኖር ግን አልተፈቀደም። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጊዜ ሙስሊሞችና ፈላሾች ከክርስቲያኑ ተለይተው በየራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ከ1769 ጀምሮ በዘመነ መሳፍንት የነገሥታቱ ኃይል ሲደክም ትልልቅ ግንባታም ቀረ። ግንበኛውና አናጢው የነበራቸው ክብር ቀነሰ፤ ለሕዝቡ የቀረለት የገበሬው ማረሻና የእመቤቲቱ ምጣድ ሆነ።

ሸክላ

ሸክላ የሴት ሥራ ነው። ልጅ ከእናቷ እያየች ትማራለች። ሥራው በጥቅሉ እንዲህ ነው።

መጀመሪያ አፈሩ ይመረጣል። ጥሩ ሸክላ ሠሪ የአፈሩን ቦታ ታውቃለች፤ ቆፍራ በጀርባዋ ተሸክማ ታመጣለች። አፈሩ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ይራሳል። ከዚያ ገል ይጨመርበታል። ገል ማለት የተሰበረ አሮጌ ሸክላ ነው፤ ተወቅጦ ደቆ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቀላቀላል። ዕቃው ሲደርቅ ብዙ እንዳይኮማተር፣ እሳት ሲገባም እንዳይሰነጠቅ የሚጠብቀው ይህ ነው። በጊቫት ኦልጋ እናታችን የጠየቁት ይህንኑ ነበር።

ጭቃው ተረግጦና ተለውሶ ሲበቃው ያለ ምንም የሚሽከረከር መሣሪያ በእጅ ይገነባል። ጭቃው እንደ ገመድ ይድቦለቦልና አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ በጣት እየተለሰነ ከፍ ይላል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ለቀናት ይደርቃል፤ ፀሐይ ከነካው ይሰነጠቃል። ከፊል ሲደርቅ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፤ መልኩ የሚያበራው ከዚህ ነው።

በመጨረሻ ይተኮሳል። ምድጃ የለም፤ ዕቃዎቹ በሜዳ ላይ ይደረደሩና ኩበት፣ እንጨትና ገለባ ይከመርባቸዋል። እንዲህ ያለው የሜዳ እሳት ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሙቀት ይደርሳል። ጥቁር እንዲሆን የተፈለገ ዕቃ ገና ትኩስ ሳለ በገለባ ወይም በቅጠል ይታፈናል፤ ጭሱ ውስጡ ድረስ ገብቶ ያጠቁረዋል። ነፋስ ከተነሣ ወይም ጭቃው በደንብ ካልደረቀ የሳምንታት ድካም በአንድ ሰዓት ገል ይሆናል። ያም ቢሆን አይጣልም፤ ተወቅጦ ለሚቀጥለው ጭቃ ይሆናል።

የሚሠሩት ዕቃዎች ብዙ ናቸው፦ ለውኃ እንስራ፣ ለጠላ ጋንና ገንቦ፣ ለወጥ ድስት፣ ለቡና ጀበና፣ ለእንጀራ ምጣድ። ከሁሉ የሚከብደው ምጣድ ነው። ሰፊ ስለሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሲተኮስም በቀላሉ ይሰበራል። ተተኩሶ ከወጣም በኋላ በተወቀጠ የጎመን ዘር እየታሸ ይሟሻል፤ አለበለዚያ እንጀራው ይያያዛል። የጎንደር እመቤት የማንንም ሃይማኖት ብትከተል እንጀራዋን የምትጋግረው እናቶቻችን በሠሩት ምጣድ ላይ ነበር።

የወለቃ ምስሎች

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራ ትታወቃለች። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የውጭ አገር ጎብኚዎች ወደ ጎንደር ሲበዙ፣ የወለቃ ሴቶች ከምጣድና ከጀበና ሌላ ትናንሽ ምስሎችን እየሠሩ መሸጥ ጀመሩ። እንስራ የተሸከመች ሴት፣ ልጅ ያዘለች እናት፣ ኦሪት የታቀፈ ቄስ፣ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ ይሠሩ ነበር። ዛሬ እነዚህ ምስሎች በሙዚየሞችና በብዙ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። የአብዛኞቹ ሠሪዎች ስም ግን አልተጻፈም።

ቤተ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሥራው ከመንደሯ አልጠፋም። ጎረቤቶቻቸው የነበሩ ሴቶች ይሠሩታል፤ ሴቶችን የሚያሠለጥን የእደ ጥበብ ማዕከልም በወለቃ ተቋቁሟል። በአማራ ክልል በ2023 ግጭት ከተነሣ ወዲህ ግን ጎብኚው ቀንሷል።

ብረት

ብረት የወንድ ሥራ ነው። ቀጥቃጩ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ከቆዳ የተሠራ ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ መስፍና ከሰል። አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ልጁ፣ ወናፉን ይነፋል፤ አባት ብረቱን በጉጠት ይዞ ይቀጠቅጣል። የብረቱ ቀለም ስንት እንደጋለ ይናገራል፤ መቼ እንደሚመታና መቼ ውኃ ውስጥ እንደሚነከር የሚያውቀው ዓይን ነው።

ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ መጥረቢያ፣ ቢላዋ፣ በጦርነት ዘመን ደግሞ ጦር ይሠራ ነበር። ክረምት ሊገባ ሲል ገበሬው ሁሉ የደነዘዘ ማረሻውን ይዞ ይመጣል። ዋጋውም ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በእህል ነው። ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ አገር አይበላም። ሆኖም ማረሻውን የሠራው ሰው የሚያርሰው ርስት አልነበረውም። የዚህን ነገር ክብደት ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል።

ዓርብ ፀሐይ ከማዘቅዘቋ በፊት ወናፉ ይቆማል፤ እሳትም ይጠፋል። በሰንበት እሳት አይነድም። ደንበኛ ቢጮህ፣ ቢለምን፣ ገንዘብ ቢጨምር መልሱ አንድ ነበር፦ «እሑድ ና።»

ፈትል፣ ሽመናና ጥልፍ

በዚህ ሥራ ሴትና ወንድ ይተጋገዛሉ። ሴቷ ጥጡን ትዳምጣለች፣ ትነድፋለች፣ ባዘቶ ታደርግና በእንዝርት ትፈትላለች። ሸማኔው መሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ እግሩን አስገብቶ ተቀምጦ፣ ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ ያስገባል። ነጠላ፣ ኩታ፣ ጋቢና ቡልኮ የሚወጣው ከዚህ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ባለ ቀለም ጥለት የሸማኔው ብልሃት የሚታይበት ነው። ለስግድ የሚለበሰው ነጭ ልብስ ከስንት ሰው እጅ እንዳለፈ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ጥልፍም አለ። ወደ እስራኤል ለመግባት በአዲስ አበባና በጎንደር ሲጠባበቁ ከነበሩት ብዙዎቹ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁድ ጉባኤ ባቋቋመው ሥራ ላይ ገብተው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክና የመንደር ኑሮ እየጠለፉ ይተዳደሩ ነበር። በሐዴራ ቤቶች ግድግዳ ላይ ከሚታዩት ጥልፎች አንዳንዶቹ የዚያን የመጠበቅ ዘመን የሚያስታውሱ ናቸው።

ስፌት

ስፌት ከሁሉም ይልቅ በቀላሉ ወደ እስራኤል የተሻገረ ሙያ ነው። አፈር አይፈልግም፣ እሳትም አይፈልግም፤ ወስፌና ትዕግሥት ይበቃዋል። በአገር ቤት ስንደዶና አክርማ ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ከፊሉ በቀለም ተነክሮ አለላ ይሆናል። ስፌቱ ከመሐል ተጀምሮ እየዞረ ይሰፋል። ሰፌድ፣ ሙዳይ፣ እንቅብ፣ አገልግል፣ ሌማት፣ መሶብ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ጥሩ መሶብ ወራት ይፈጃል።

ሐረጉ ከመጽሐፍ አይቀዳም፤ ሰፊዋ በልቧ ቆጥራ ነው የምታወጣው። አንድ ረድፍ ብትሳሳት ከታች ጀምሮ ይታወቃል። ፊደል ያልቆጠሩ የምንላቸው እናቶች እንዲህ ያለውን ሒሳብ በልባቸው ይዘው ይሠሩ ነበር። እስራኤል ከገቡ በኋላ ስንደዶው ሲጠፋ በራፊያና በባለ ቀለም ክር ተተካ፤ በሐረጉም ላይ ሜኖራና የዳዊት ኮከብ ተጨመረ። ሥራው ከአገሩ ጋር ተለወጠ እንጂ አልቆመም።

ጸሎት፣ ዜማና በዓል

የእጅ ሥራው ከሃይማኖቱ ኑሮ ተለይቶ አይታይም። ቄሶች ኦሪትን የሚያነቡት በግእዝ ነው፤ በጸሎቱ ውስጥ የጥንቱ የአገው ቋንቋም ተቀላቅሎ ይሰማል። ዜማው አልተጻፈም፤ ከቄስ ወደ ደቀ መዝሙር በቃል የሚተላለፍ ነው። በአንዳንድ በዓላት ነጋሪትና ቃጭል ያጅቡታል፤ እነዚህንም የሚሠራው ባለ እጅ ነው። ይህ ዜማ እንዳይጠፋ በ1986 እስራኤል ውስጥ ተመራማሪው ሲምሃ አሮምና ባልደረቦቹ ከቄሶች ቀርጸውታል።

የስግድ በዓል ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን 29 ይከበራል። በአገር ቤት ሕዝቡ ጾሞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ኦሪቱን ከቄሶቹ ጋር አጅቦ ወደ ተራራ ይወጣል። አምቦበር ብዙ ሕዝብ ከሩቅ የሚሰበሰብባት ነበረች። ከጸሎቱ በኋላ ተወርዶ ይበላል፣ ይዘፈናል። በ2008 ክኔሴት ስግድን በሕግ የአገሪቱ በዓል አድርጎታል።

ሠርግ ሲሆን ደግሞ ከበሮ ይመታል፣ እስክስታ ይወረዳል። በሙሽራው ግንባር ላይ ቀይና ነጭ ክር ይታሰራል። እስክስታው ወደ እስራኤል መድረክም ወጥቷል። በ1995 በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ሩት ኤሼል ከኢትዮጵያ ተወላጅ ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን የዳንስ ቡድን፣ በ2005 ደግሞ «ቤታ» የተባለውን አቋቁማለች። የትከሻው ውዝዋዜ ከሠርግ ቤት ወጥቶ በቲያትር ቤት የሚታይ ጥበብ ሆኗል።

ስድቡ

አሁን ወደ እናታችን መልስ እንመለስ። ይህን ሁሉ የሚሠራ ሕዝብ ለምን ተሰደበ?

በአገር ቤት እርሻና ክህነት የተከበሩ ነበሩ። በእሳት የሚሠራ ሰው ግን ይፈራ ነበር። ከአፈር ዕቃ፣ ከድንጋይ ብረት የሚያወጣ ሰው ሌላም ኃይል አለው ተብሎ ይታማል። «ቡዳ ነው»፣ «በዓይኑ ይበላል»፣ «ሌሊት ጅብ ይሆናል» ይባል ነበር። ልጅ ቢታመም፣ ላም ብትሞት ጣት የሚቀሰረው ወደ ቀጥቃጩና ወደ ሸክላ ሠሪዋ ነው። በዚህ ክስ የተደበደበ፣ ከመንደሩ የተባረረ፣ ሕይወቱን ያጣም አለ። ተመራማሪዋ ሐጋር ሳላሞን በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህን ነገር እስራኤል ከገቡ ወገኖቻችን አንደበት ሰብስባ ጽፋለች።

«ጠይብ» የሚለው የስድብ ቃል «ጠቢብ» ከሚለው ጋር ዘመድ ነው፤ ጥበበኛ ማለት ነው። ሙገሳው ነው ወደ ስድብ የተለወጠው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆች እንዳይሰደቡ አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ግን የሰዉን ልብ ወዲያው አልለወጠውም። ብዙ ወላጆች ስለዚህ ሥራ በልጅነታቸው የሰሙት ስድብ ብቻ ስለሆነ፣ እስራኤል ሲገቡ «ተገላገልነው» ብለው ደበቁት። ልንወቅሳቸው አይገባም። ራሳቸውንና ልጆቻቸውን ከሚያውቁት ክፉ ነገር መከላከላቸው ነበር።

እስራኤል ሲገባ

በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚጠጉ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰዎች መጡ። ዛሬ በእስራኤል ያለው ማኅበረሰባችን ከ160,000 በላይ ነው። ሐዴራም ብዙ ቤተሰቦቻችን ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በጊቫት ኦልጋ፣ በቤት ኤሊዔዘርና በሌሎችም ሰፈሮች አሉ።

ሐዴራ በ1891 ስትመሠረት ረግረግ ነበረች፤ በወባ ብዙ ሰው ካለቀባት በኋላ ረግረጉን እንዲያደርቅ ባሕር ዛፍ ተተከለባት። አረጋውያኖቻችን እዚህ ሲደርሱ ስሙን ሳይጠይቁ ያወቁት ዛፍ ይኸው ነው፤ አሁንም ለጉንፋን ቅጠሉን ቀቅለው የሚታጠኑ አሉ። ዛፉ የሚያውቁት ቢሆንም አፈሩ ግን የባሕር ዳር አሸዋ ነው፤ ምጣድ አይሆንም። ሜዳ ላይ እሳት መንደድም አይቻልም። ማረሻ የሚያስላ ገበሬም የለም። አገር ቤት አገር የሚያበላው እጅ እዚህ ሲደርስ ሥራ ፈታ።

አባቶች ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ጥበቃ፣ እናቶች ወደ ጽዳት ሄዱ። ቅጹ ላይ «ሙያ የለም» ተጻፈ። በአገር ቤት ስድቡ ሥራውን አዋረደው፤ እዚህ ደግሞ ባዶው መስመር ጨርሶ ሰረዘው። በሥራችን እንደምናየው ጉዳቱ በቤት ውስጥ ይታያል። እናቱ ምንም እንደማታውቅ የሚያስብ ልጅ ምክሯን አይሰማም። ምንም እንደማያውቅ የተነገረው አባትም ቀስ በቀስ ዝም ይላል። በአማርኛችን «ባለሙያ» ማለት ትልቅ ክብር ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት ግን ያ ክብር ቦታ አላገኘም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች ከሥራችን ያገኘናቸው ናቸው።

1. ጥያቄው ከስሙ አይጀምር። «ሸክላ ሠሪ ነበርሽ?» ተብለው ቢጠየቁ ብዙ እናቶች «የለም» ይላሉ። ይልቅ ጀበናውን በእጅ ይዞ «ይህን የመሰለ በእናንተ መንደር ማን ይሠራው ነበር? አፈሩስ ከየት ይመጣ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ወሬው ከዕቃው ይጀምራል፣ ወደ ሰውየው ይመጣል።

2. የዕቃዎቹን ስም ጻፉ። ወናፍ፣ ጉጠት፣ ገል፣ አለላ፣ ባዘቶ፣ መወርወሪያ የሚሉትን ቃላት ልጆቻችን አያውቋቸውም። በፊደላችንም በዕብራይስጥም ይጻፉ። ትግርኛ የሚናገሩ ቤተሰቦችም በቋንቋቸው ይጻፉ።

3. እጅን ቅረጹ። ስልክ ሁሉም ቤት አለ። ፊታቸው እንዲቀረጽ የማይወዱ አረጋውያን እጃቸው ቢቀረጽ ብዙ ጊዜ አይከፋቸውም። አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግን ግዴታ ነው።

4. ዕቃው ጀርባ ላይ ይጻፍ። በቤት ያለ መሶብ፣ ሰፌድ፣ ጥልፍ ወይም ምስል ማን ሠራው? የት? መቼ? በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ። የወለቃ ሠሪዎች ስም የጠፋው ይህን የሚያደርግ ባለመኖሩ ነው።

5. የትምህርት ቤት የሥር መሠረት ሥራ ሲመጣ እውነቱ ይነገር። በባር ሚትስቫና በባት ሚትስቫ ዕድሜ ልጆች ስለ ቤተሰባቸው ታሪክ እንዲጽፉ ይጠየቃሉ። «አያቴ ገበሬ ነበር» ብሎ ማለፍ ይቀላል። «አያቴ ማረሻ ይሠራ ነበር፤ አያቴ ያለ መሣሪያ ምጣድ ትገነባ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ግን በክፍሉ ቀና ብሎ ይቆማል። ስለ ስድቡም እንደ ዕድሜው ይነገረው፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከቤቱ ቢሰማው ይሻላል።

6. ቅጽ ሲሞላ ሙያው በስሙ ይጻፍ። ሸክላ ሠሪ በዕብራይስጥ «ካዳሪት»፣ ብረት ሠሪ «ናፓኽ»፣ ሸማኔ «ኦሬግ»፣ ስፌት የምትሰፋ «ኮላዓት ሳሊም»፣ ጥልፍ የምትጠልፍ «ሮቄሜት» ይባላሉ። ይህ ወዲያው ሥራ ያስገኛል ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በፋይሉ ላይ ያለው ሰው ባዶ እጁን እንዳልመጣ ይታወቃል።

7. መሥራት የሚፈልጉ ካሉ ቦታ ይፈለግላቸው። የሸክላ መተኮሻ ያለው ማትናስ ወይም ትምህርት ቤት ይጠየቅ። በግቢ ውስጥ እሳት ማንደድ አደገኛ ነው፣ አይፈቀድምም። ከሱቅ የሚገዛው ጭቃና ቀለም ሁሉ ለምግብ ዕቃ ስለማይሆን ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል። የእጅ ሥራቸውን ለሽያጭ የሚያቀርቡም የሰዓቱን ድካም ቆጥረው ዋጋ ይጠይቁ፤ የወራት መሶብ በርካሽ መሄድ የለበትም።

8. የማይፈልጉትን አታስገድዱ። ለአንዳንዶች ይህ ትዝታ ቁስል ነው። ዛሬ ዝም ያሉ እናት ነገ ይናገሩ ይሆናል። ሳይቸኩሉ ቡና እያፈሉ መጠበቅ ነው።

በመጨረሻም

እነዚያ የጊቫት ኦልጋ እናት የሠሩት ጀበና በማዕከሉ ምድጃ ተተኩሶ ወጣ። ገል ስላልነበረው አንገቱ አጠገብ ቀጭን ስንጥቅ ወጥቶበታል። ቡና አይፈላበትም። እናትየው ሲያዩት ሳቁና «ነግሬያችሁ ነበር» አሉ። ልጃቸው ግን ጣሉት ሲሏት እምቢ ብላ ወሰደችው፤ ሳሎን ውስጥ አስቀምጣዋለች። ከዚያ በኋላ እኛ ዘንድ ሌላ ቅጽ ሊሞሉ ሲመጡ፣ «ሙያ» የሚለው መስመር ጋ ስንደርስ ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን ተመለከተች። በዚህ ጊዜ መልሱን የሰጡት እናትየው ራሳቸው ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ በእያንዳንዱ ቤት እንዲህ ያለ ያልተጠየቀ ሰው አለ። ዛሬ ማታ ይጠየቅ።